የሪፍሌክሶሎጂ ኮርስ ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?

ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነው የማነበው፤ ዛሬ ግን ምክር ቸግሮኛል።

41 ዓመቴ ነው። 16 ዓመት ሒሳብ ስሠራ ኖሬያለሁ። ሥራው አይከፋም። ግን ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ተፋጥጬ ውዬ ስወጣ «ዛሬ ለማን ምን ጠቀምኩ?» እላለሁ፤ መልስ አላገኝም።

እናቴ ከማረፏ በፊት ሰባት ወር ገደማ አልጋ ላይ ነበረች። ማታ ማታ እግሯን በቅባት አሽላት ነበር። ተምሬ አይደለም፤ እንዲሁ እጄ ወደመራኝ ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ትንፋሿ ይረጋል፣ የተኮሳተረው ግንባሯ ይፈታል። አንዳንዴ እግሯን እንደያዝኩ እንቅልፍ ይወስዳታል። እንዳትነቃብኝ እጄን ማንሣት እፈራ ነበር። ያ ነገር ከውስጤ አልወጣም።

አሁን የ9 ወር የሪፍሌክሶሎጂ (ውስጥ እግር ላይ ያሉ ነጥቦችን እየተጫኑ ማሸት) የዲፕሎማ ኮርስ አገኘሁ። ቅዳሜና እሑድ ነው። ብሮሹሩ «ዓለም አቀፍ እውቅና ያለው» ይላል፤ «በተመረቁ ማግስት የራስዎን ሥራ ይጀምሩ» ይላል። ክፍያው የሦስት ወር ደሞዜን ይበላል። እስከ ወሩ መጨረሻ ለተመዘገበ ቅናሽ አለ። ባለቤቴ «እግር ለማሸት ዲፕሎማ?» ብሎ ሳቀ። እኔም አኮረፍኩ።

የተማራችሁት፣ የምትሠሩበት፣ ጀምራችሁ የተዋችሁት ካላችሁ እስኪ ንገሩኝ። ልክ ነኝ ወይስ ሐዘኔ ነው የሚመራኝ?

አውራ ጣት

እህቴ ማለዳ፣ ነፍስ ይማር። ስለ እናትሽ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት።

እኔ ማሳጅ ላይ 11 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ሪፍሌክሶሎጂም ጨምሬ ተምሬያለሁ። ብሮሹር ላይ የማይጻፈውን ልንገርሽ። መጀመሪያ የሚያልቀው አውራ ጣትሽ ነው። ቀልዴን አይደለም። ሥራው፣ ውስጥ እግርን በአውራ ጣት እየተጫኑ እንደ አባጨጓሬ መራመድ ነው። ጣቱ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ትንሽ ወደፊት ይሄዳል፣ እንደገና ይታጠፋል። አንድ ሰው ላይ አንድ ሰዓት ያህል። በቀን አራት ሰው ሲሆን አስቢው። በሦስተኛ ዓመቴ የአውራ ጣቴ ሥር፣ ከእጅ አንጓ ጋር የሚገናኝባት ቦታ፣ አብጣ የጠርሙስ ክዳን መክፈት አቃተኝ። ልጄ ነበር የሚከፍትልኝ። ከዚያ በኋላ ነው በጣት ጉልበት ሳይሆን በሰውነት ክብደት መጫንን እንደ አዲስ የተማርኩት። ኮርሱ ላይ ስለዚህ ያወሩን አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

«በተመረቁ ማግስት» የሚለውን ደግሞ እርሺው። በመጀመሪያው ዓመት በሳምንት አራት ደንበኛ ነበረኝ። ሁለቱ የአክስቴ ልጆች ናቸው፤ አይከፍሉም። የቀረው ሥራ ፎጣ ማጠብ፣ ቀጠሮ ይዞ የቀረ ሰው መጠበቅ፣ ማስታወሻ መጻፍ ነው። ሒሳብ ማወቅሽ ግን ትልቅ ነገር ነው። ከእኔ ጋር ከተመረቁት ብዙዎቹ ሥራውን የተዉት እጃቸው ከፍቶ ሳይሆን ገቢና ወጪያቸውን ስላላወቁት ነው።

ሥራሽን አትልቀቂ። ይቺ ብቻ ትያዝልኝ።

ጥርጣሬ

ቅር እንዳትሰኙብኝ እንጂ፣ ከመመዝገብሽ በፊት የምትማሪው ነገር ከየት እንደመጣ እወቂ። ብዙ ቦታ «የሺህ ዓመታት ጥበብ» ይሉታል። ዛሬ የሚሰጠው ሪፍሌክሶሎጂ ግን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ዊሊያም ፊትዝጄራልድ የሚባል አሜሪካዊ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሰውነትን ከራስ እስከ እግር በ10 ቁም መስመሮች ከፋፈለው፤ እ.ኤ.አ. በ1917 መጽሐፍም አወጣበት። በ1930ዎቹ ዩኒስ ኢንግሃም የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሐሳቡን ወደ እግር አወረደችውና ካርታ ሠራችለት። ጉበት እዚህ፣ ኩላሊት እዚያ።

የእኔ ችግር ካርታው ላይ ነው። ውስጥ እግር ላይ ያለችን አንዲት ነጥብ ለይቶ ከጉበት ጋር የሚያገናኝ መስመር የአናቶሚ ሳይንስ አያውቅም። ካርታዎቹ ራሳቸው እርስ በርስ የማይገጥሙበት ጊዜ አለ። እግር መታሸት ያዝናናል? አዎ፣ በደንብ። እናትሽ ያገኘችው እሱን ነው፤ ለዚያ ደግሞ ካርታ አላስፈለገሽም። «ኩላሊትዎ ደክሟል» ብሎ ከእግር ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ አስተማሪውን «ካርታውን እስከ የት ድረስ ያምኑበታል?» በይው። መልሱ ብዙ ይነግርሻል።

የሻማ ብርሃን

ጥርጣሬ ወንድሜ፣ አንተ መቼም የሰው ልብ ካልሰበርክ አታድርም።

እኔ ሬኪ፣ ማለትም በእጅ ኃይል ይተላለፋል የሚባለውን ሕክምና፣ እሰጣለሁ። ሰዎች እያለቀሱ ገብተው ቀለል ብሏቸው ሲወጡ በዐይኔ አያለሁ። ሳይንስ ያልደረሰበት ሁሉ ውሸት ነው ማለት ነው? የቻይና የጥንት ሐኪሞች በአንድ ተክል ትኩሳት ያክሙ ነበር፤ ስንት ዘመን ተንቆ ቆይቶ አሁን የወባ መድኃኒት ሆኖ የለም እንዴ? ማለዳዬ፣ ልብሽ ከጠራሽ ሂጂ። የፈውስ እጅ የተሰጠው ሰው ያስታውቃል።

ጥርጣሬ

የሻማ ብርሃን፣ ምሳሌሽ ግሩም ነው፤ ለእኔ ስለሆነ። መድኃኒቱን ያገኘችው ቻይናዊት ተመራማሪ ቱ ዩዩ ስለ ተክሉ የተጻፈውን ጥንታዊ ጽሑፍ አንብባ ዝም ብላ አላመነችም። ተክሉን ማፍላት ኃይሉን ሳያጠፋው እንደማይቀር ጠርጥራ በዝቅተኛ ሙቀት ቀመመችው። አይጥ ላይ፣ ዝንጀሮ ላይ ሞከረችው፤ ከዚያ ራሷ ዋጠችው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ጥንታዊ ስለሆነ ሳይሆን ተፈትኖ ስላለፈ ነው። በዚያው ፈተና የወደቁ ስንት ተክሎች አሉ፤ ስማቸውን ማንም አያነሣም።

የእጅ ኃይልም ተፈትኗል እኮ። ኤሚሊ ሮሳ የምትባል የ9 ዓመት አሜሪካዊት ልጅ ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት ቀላል ነገር አሰበች። ሳይነኩ በእጅ «የኃይል መስክ» ይሰማናል የሚሉ 21 ባለሙያዎችን ሰበሰበች። እጃቸውን በካርቶን መከለያ ሥር አሾልከው ዘረጉ። እሷ ከወዲያ ሆና ሳንቲም እየወረወረች፣ በወጣላት መሠረት እጇን ከአንደኛው እጃቸው በላይ ታንዣብባለች። «እጄ የት ነው?» ነው ጥያቄው። በ280 ሙከራ ልክ የመለሱት 44 በመቶውን ነው። በግምት ብቻ 50 ይመጣ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ወጣ።

የሻማ ብርሃን

ልጅቷ የፈተነችው ሬኪን አይደለም፤ የሚመሳሰል ሌላ ነገር ነው። ግን እሺ፣ ነጥቡ ገብቶኛል። እኔም ማንንም መድኃኒትህን አቁም ብዬ አላውቅም። አጠገባቸው ተቀምጬ አንድ ሰዓት ሙሉ አዳምጣለሁ። ምናልባት የሚሠራው እሱ ይሆናል። ቢሆንስ?

የሌሊት ነርስ

«ቢሆንስ» ላልሽው፣ ለእኔ ምንም ችግር የለውም። ሆስፒታል ውስጥ አንድ ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው የለም፤ እኔ ራሴ ጊዜው የለኝም። ማለዳ እህቴ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።

አንዲት ሴት ባቷን ይዛ መጣች እንበል። ረጅም በረራ ላይ ነበረች፣ አንድ እግሯ ብቻ አብጧል፣ ሲነኩት ይሞቃል፣ ያማታል። «ጡንቻዬ ተኮማትሮ ነው፣ እሺልኝ» ትልሻለች። አንቺም ልትረጃት ትፈልጊያለሽ። ያ ግን ደም ሥሯ ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ስታሺው ተነቅሎ ሳንባዋ ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል፤ ይገድላል። እዚያች ክፍል ውስጥ የሚያስፈልገው የፈውስ እጅ ሳይሆን «አልነካሽም፣ አሁኑኑ ሐኪም ጋ ሂጂ» የሚል አፍ ነው።

ሌላም ልጨምር። ተክል ስለሆነ አይጎዳም የሚሉ ኮርሶች አሉ። ለድብርት የሚወሰድ ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል ተክል አለ። ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። የወሊድ መከላከያ እንክብል ይዳከማል፤ ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪንም እንደዚያው። ሰውየው መድኃኒቱን በሰዓቱ እየዋጠ ነው፤ መድኃኒቱ ግን የለም እንደማለት ነው።

የባሰው ደግሞ ጊዜ መብላት ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ሊታከም የሚችል ካንሰር ይዟቸው አማራጭ ሕክምና ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን መደበኛውን ሕክምና ከወሰዱት ጋር አነጻጽረዋል። የመሞት አደጋቸው 2 ነጥብ 5 እጥፍ ነበር። እነዚህን ሰዎች የያዟቸው ሁሉ ክፉዎች ናቸው ብዬ አላምንም። ብዙዎቹ እንዳንቺ ደግ ናቸው። «ይኼ ከእኔ አቅም በላይ ነው» ማለትን ግን ማንም አላስተማራቸውም።

ስለዚህ ስልክ ስትደውዪ ምን እንደሚያስተምሩሽ አትጠይቂ። «ምን ምን ዓይነት ሰው አልቀበልም ብዬ እንድመልስ ታስተምሩኛላችሁ? ስንት ሰዓት?» በያቸው።

ተመላሽ

እኔ የተበላሁት ነኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ኦንላይን የሆሚዮፓቲ (ደጋግሞ በተበረዘ ነገር እናክማለን የሚሉበት) ኮርስ ወሰድኩ። ስሙን አልጠራም። «እውቅና ያለው» ይላል፣ የወርቅ ማኅተም አለው፣ ሎጎ አለው። ፈተናው 20 ምርጫ ነበር። ስትወድቅ እዚያው ያንኑ ጥያቄ መልሶ ይሰጥሃል። በሦስተኛው አለፍኩ። ሰርተፊኬቱ ሲመጣ ስሜ ላይ አንድ ፊደል ተገድፏል። እንዲስተካከል እውቅና ሰጠ ወደተባለው ድርጅት ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ያቺው ኮርሱን የሸጠችልኝ ልጅ ናት። ድምጿን ለየሁት። እሷም ለየችኝ መሰለኝ፤ ትንሽ ዝም ተባባልን።

ትምህርቱስ? አንድ ጠብታ በ99 ጠብታ ይበጠበጣል፣ ከዚያ አንዷ ተወስዳ እንደገና በ99፣ ይኼ 30 ጊዜ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ከመነሻው ነገር አንዲት ሞለኪውል እንኳ መቅረቷ ያጠራጥራል። ይኼን የነገረኝ ኮርሱ አይደለም፤ የኬሚስትሪ መምህር የሆነው ወንድሜ ነው፣ ክፍያውን ከጨረስኩ በኋላ። የአውስትራሊያ የጤና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ማስረጃውን ገምግሞ፣ ሆሚዮፓቲ እንደሚሠራ አስተማማኝ ማስረጃ ያለው አንድም የጤና ችግር የለም ብሎ ደምድሟል። ቀድሜ ባነብ ኖሮ።

ቅናሹ የወሩ መጨረሻ ያልቃል ላልሽው፣ የእኔም ያልቅ ነበር። በሚቀጥለው ወር እንደገና ጀመረ።

መዝገብ

ሥራዬ ከትምህርት ፈቃድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ «እውቅና» የምትለዋን ቃል ላፍታታት። ሰው የሚሸወደው እሷ ላይ ነው።

ሦስት የተለያየ ነገር በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው በሕግ የተጠበቀ የሙያ ስም ነው። ለምሳሌ ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ኦስቲዮፓቲ፣ በ1994 ስለ ካይሮፕራክቲክ ሕግ ወጥቷል፤ ሁለቱም አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ የሚያክሙ ሙያዎች ናቸው። መዝገቡ ላይ ሳትሰፍሪ በዚያ ስም ብትጠሪ ወንጀል ነው። ሁለተኛው በፈቃደኝነት የሚገባበት ማኅበር ነው። ጠንካራም ደካማም አለው፤ የጥንካሬው መለኪያ አባል ሲያጠፋ ማባረሩ ነው። ሦስተኛው ለተመላሽ የደረሰው ነው፤ ክፍያ ፈጽመሽ የምትለጥፊው ሎጎ። ብሮሹር ላይ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ።

«ዓለም አቀፍ» የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ማለት አይደለም። የመሥራት ፈቃድ የሚሰጠው የምትሠሪበት አገር ነው። ኮርሱን ሳይሆን የጤና ባለሥልጣኑን ደውለሽ ጠይቂ፣ «በዚህ ወረቀት ሰው መንካት ይፈቀድልኛል?» ብለሽ። የኢንሹራንስ ድርጅትም ጠይቂ። ኢንሹራንስ ሰጪ ገንዘቡ ስለሆነ የማንን ወረቀት እንደሚቀበል አይዋሽሽም።

ለማነጻጸሪያ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለካይሮፕራክቲክ ሙሉ ሥልጠና ያስቀመጠው ከ4200 ሰዓት የማያንስ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 1000ው ታካሚ ላይ፣ አስተማሪ እያየ። እግር ማሸት አንገት እንደማጣመም አይደለም፣ ያን ያህል አይጠበቅበትም። ግን የአንቺ ኮርስ ስንት ሰዓት ነው? በወር አትቁጠሪ፤ በሰዓት ቁጠሪ።

ማለዳ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ፤ ጠዋት ደወልኩ።

ሰዓቱን ጠየቅኩ። በጠቅላላው 180 ነው። ሰው ላይ በአስተማሪ ፊት የሚሠራው 48። ቀሪው ንባብና ቤት ውስጥ የሚደረግ ልምምድ። እውቅናው የማኅበር ነው፤ «መዝገብ» ከዘረዘራቸው ሁለተኛው ዓይነት። ማኅበሩን ደወልኩለት፣ ሌላ ሰው አነሣ (ተመላሽ፣ አንተን እያሰብኩ)።

ከዚያ የነርሷን ጥያቄ ጠየቅኩ። ምዝገባ ላይ ያለችው ልጅ «ኧረ ሪፍሌክሶሎጂ ምንም ጉዳት የለውም፣ ለማንኛውም ሰው ይሆናል» አለችኝ። ልቤ ቀዘቀዘ።

የሌሊት ነርስ

አለቀ። ተይው።

አውራ ጣት

ቆይ ነርስ፣ ምዝገባ ክፍል ያለ ሰው ሻጭ ነው። ትምህርቱን የሚሰጠው ሌላ ሰው ነው። ማለዳ፣ አስተማሪዋን አግኚያት። የልምምድ ቀን ገብቼ ልይ በያት። እምቢ ካለች ያኔ ተይው። እሺ ካለች አፏን ሳይሆን እጇን እይ።

ማለዳ

ከአሥር ቀን በኋላ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ። ቅናሹ አልፎኛል።

አስተማሪዋ እሺ አለችኝ። ቅዳሜ ሄድኩ። ስድስት ተማሪዎች፣ ስድስት አልጋ፣ ለልምምድ የመጡ ስድስት ሰዎች። ከመንካታቸው በፊት ሁሉም ቁጭ ብለው ጠየቁ፤ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ምን ታመው ያውቃሉ፣ እርጉዝ ነዎት ወይ። እኔ የተቀመጥኩት አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ ያሉበት አልጋ አጠገብ ነው። ስኳር አለባቸው። ተማሪው ወጣት ልጅ ነው፣ ቅባቱን እጁ ላይ አፍስሶ ሊጀምር ሲል አስተማሪዋ መጥታ «በጣቶቹ መሃል አይተሃል?» አለችው።

አላየም ነበር። ጎንበስ ብሎ የትንሿን ጣትና የቀጣይዋን መሃል ከፈተ። የሳንቲም ስፋት የምታህል ቁስል፣ ጠርዟ ነጭ፣ መሃሏ እርጥብ። ሰውዬው «የቱ? እኔ እኮ ምንም አይሰማኝም» አሉ። አስተማሪዋም «እሱ ነው ችግሩ አባቴ» አለቻቸው። ስኳር የእግርን ነርቭ ስለሚያደነዝዝ ሰው ቁስል ይዞ እየተራመደ ላያውቀው እንደሚችል ለተማሪዎቹ እዚያው አስረዳች። ልጁ ቅባቱን በፎጣ ጠረገ። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችላቸው፣ ለሐኪማቸው የምትሆን ሁለት መስመር ጻፈችላቸው። በዚያው ዕለት እንዲታዩ ልጃቸውን ስልክ ደውላ አስጠራች። የዚያ ልጅ ልምምድ በቃ እሱ ነበር። ቅጹ ላይ ሰዓቱ ተቆጠረለት፤ አየሁት።

በዕረፍት ሰዓት የጥርጣሬን ጥያቄ ጠየቅኳት፣ ካርታውን እስከ የት ድረስ ያምኑበታል ብዬ። ሳቀች። «ፈተና ላይ ይመጣልና ትማሪዋለሽ። እኔ ግን የማንንም ጉበት በእግሩ አላክምም» አለችኝ። ብሮሹሩንስ ስላት፣ «እኔ አይደለሁም የጻፍኩት፤ ለባለቤቱ ሁለቴ ነግሬዋለሁ» አለች። ለሦስተኛ ጊዜ ደግሞ በደብዳቤ እንደምትጽፍለት ነገረችኝ።

እና እንዲህ አደረግኩ። ኮርሱ በሦስት ክፍል ይከፈላል፤ ይህን ብሮሹሩ ላይ አላገኘሁትም፣ ስጠይቅ ነው የነገሩኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ብቻ ከፈልኩ። የእግርና የባት አናቶሚ፣ መሠረታዊ ማሸት፣ የማይነካው ማን እንደሆነ። ሥራዬን አልለቅም። ከሦስት ወር በኋላ አውራ ጣቴንም ልቤንም አይቼ እወስናለሁ። ስለ ሐዘኑም ጠይቄያችሁ ነበር፤ አዎ፣ እሱም አለበት። የሰውዬውን እግር ሳይ እናቴን አስቤ ዐይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። አስተማሪዋ አይታ ምንም አላለችም፤ ፎጣ እንዳጥፍ ብቻ ሰጠችኝ።

ጥርጣሬ

ደብዳቤው ምን ውጤት እንዳመጣ ንገሪን። ሴትዮዋ ተመችታኛለች።

የሌሊት ነርስ

ተይው ያልኩትን አንስቻለሁ። በጣቶቹ መሃል ማየትን ግን እኛ ጋ ያሉ አንዳንድ ሰዎችም ቢማሩት ደስ ይለኛል።

ተመላሽ

ደረሰኝሽን አስቀምጪ።

ማለዳ

አስቀምጫለሁ፣ የሒሳብ ሰው እኮ ነኝ። የቤት ሥራ ደግሞ ተሰጥቶኛል፤ አምስት ሰው ላይ ተለማምጄ እንድጽፍ። «እግር ለማሸት ዲፕሎማ?» ያለው ባለቤቴ ካልሲውን አውልቆ ሶፋ ላይ ተዘርሯል። የመጀመሪያው ታካሚ እኔ ነኝ ብሏል።

አውራ ጣት

መጀመሪያ ጥፍሩን ይቁረጥ።